በአንድ ትራስ ሁለት ቁልፍ

እስቲ ክንድሽን ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ። እንዲህ። ወገብሽ ላይ ልክ መጣ፤ ደረትሽ ላይ ብቻ ትንሽ ይዞሻል። አይዞሽ፣ ለእህትሽ ሰርግ ይደርሳል፤ ደግሞ እኮ ሙሽሪትን እንዳታስረሺ እፈራለሁ። ቀለሙን ማን መረጠልሽ? ራስሽ ነሽ? ጎሽ። ሴት ልጅ ቢያንስ የቀሚሷን ቀለም ራሷ መምረጥ አለባት… ሌላ ሌላውን ሰው ቢመርጥላትም።

ስልክሽን እዚያ መቀሱ አጠገብ አስቀምጪው፤ የሚነካብሽ የለም። መርፌ በከንፈሬ ይዤ ሳወራ አትሳቀቂ፣ ስንት ዘመኔ ነው፤ እስከዛሬ አንድም አልዋጥኩም። ሞቀሽ አይደል? መስኮቱ ቢከፈት ጥሩ ነበር። አይከፈትም። የሱን ነገር ኋላ አጫውትሻለሁ፣ መቼም ቆመሽ ከምትሰለቺ።

ይሄ የምትሰሚው የመላጊያ ድምፅ ነው። ባልሽ ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ እየሠራ ነው፤ አንቺን ይዞ ለመሄድ ሲጠብቅ እንኳ እጁ ሥራ አይፈታም። ታድለሽ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ይሄ ግድግዳ ግን ስስ ነውና ቀስ ብለን እናውራ። ደግሞ ምን የሚያስፈራ ነገር እናወራለን? እኔ ሰው ማማት አልወድም። ዛሬ ላጫውትሽ የፈለግኩት ስለ አንድ ደግ ሰው ነው።

ቆይ ግን፣ ይሄ አዳራሽ እንዴት እንደሚተዳደር ባልሽ ነግሮሽ ያውቃል? አይነግርም፣ አውቃለሁ። ወንድ ልጅ ቤቱ ሲገባ ሥራውን ከጫማው ጋር በር ላይ ያወልቃል። የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ይገባል።

እዚህ አለቃ የለም። ልብስ ሰፊ፣ አናጢ፣ ጫማ ሰሪ፣ ፎቶ አንሺ፣ ሁላችንም እኩል ነን። ድሮ ሊቀመንበር ነበረን፤ የበሩን ቁልፍ ኪሱ ከቶ ሲጠፋ ደረጃው ላይ ተቀምጠን እንውላለን። ኋላ ኮምፒውተር ጠጋኙ «ለእናንተ የሚበጃችሁ ብሎክቼይን ነው» አለን። ምንድነው ስንለው፣ ሰንሰለት የሚሉት መዝገብ ነው፤ በሁላችሁም ስልክ ላይ እኩል ይቀመጣል፤ አንዱ ሊደልዘው ቢሞክር የሌሎቹ ያጋልጠዋል አለን። ሐሳብ ያለው ሐሳቡን ያቀርባል፣ ሁላችንም በየስልካችን ድምፅ እንሰጣለን፣ ያለፈው ውሳኔ ሦስት ቀን ይቆይና ከዚያ ራሱ ይፈጸማል። በሩን የሚከፍተው እሱ፣ የማሽን ተራ የሚደለድለው እሱ፣ ማን የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚሠራ የሚያውቀው እሱ። የሰው ፊት አያይ፣ ዘመድ የለው፣ አይቆጣ። እንዴት ደስ እንዳለን ልነግርሽ አልችልም።

ግን ፍርሃት መቼ ይጠፋል? አንዱ ሌባ የሰዎችን ስልክ ሰብስቦ «አዳራሹ ለእኔ ይሰጠኝ» ብሎ ቢያስወስንስ? ስለዚህ በሦስቱ ቀን ውስጥ ክፉ ውሳኔ ካየ የሚሽር ጠባቂ ይኑረን አልን። ቪቶ ይሉታል። ጠባቂውንም በጭብጨባ መረጥን። ስሙን ምን ያደርግልሻል? አታውቂውም ይሆናል። ብቻ ታማኝ፣ ጠንቃቃ፣ አሳቢ ሰው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? እኛ ድሩን አብረን ፈትለን ስናበቃ መፍቻውን ለአንበሳው አስያዝነው።

ዙሪልኝ እስቲ። ወደ መስኮቱ። እንዲህ።

ይሄን መስኮት እንክፈተው ብለን ድምፅ ሰጠን። አለፈ። ጠባቂያችን ሻረው። ለምን? ሌባ ይገባበታል አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን እኮ… ግን አየሽ ማሰብ? እኛ ተራ ሰዎች ሌባ በደረጃ ይመጣል ብለን ነው የምናስበው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሱ ሳያይም ይበርያል። ቀጥሎ የመጸዳጃ ቤቱ አምፖል ይቀየር አልን። ሻረው። አሮጌው አምፖል ቢያንስ የምናውቀው ነው አለ። እውነቱን ነው፤ እናውቀዋለን፣ ተቃጥሏል።

ደግሞ ትሕትናው። ባለፈው ጊዜ «ይህን ያህል ጊዜ ያገለገለንን ጠባቂ እናመስግን» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ማን እንዳቀረበው አትጠይቂኝ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። እሱንም ሻረው። አንዳንዱ ሰው ከትሕትናው ብዛት ነው አለ። አንዳንዱ ደግሞ «ያገለገለን» የሚለው ቃል የተሰናበትኩ አስመስሎኝ ነው ብሏል አለ። እኔ ትሕትናውን ነው የማምነው። በመጨረሻ እንግዲህ እሱም ይረፍ፣ ሌላ ሰው ይተካው ብለን ድምፅ ሰጠን። ይሄም ውሳኔ ነውና ሦስት ቀን ቆየ። በሁለተኛው ቀን ለደህንነታችን ሲል ሻረው። ሲሾም ያልሻረ ሲሻር ይቆጨዋል… ተረቱ እንዲህ ነበር አይደል? እኔ ተረት ስናገር ሁሌ ትንሽ ይጠምብኛል።

መላጊያው ዝም አለ። ባልሽ ደክሞት ይሆናል።

ብቻውን ይሽራል ማለት ግን አይደለም፤ እኛም እኮ ሞኞች አይደለንም። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ብለን ቁልፉን ሦስት አደረግነው፤ በየስልካቸው ላይ የሚጫኑት ቁልፍ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ካልተጫኑ ምንም አይሻርም። አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል፣ አንዱ ቢከፋ ሌላው ይይዘዋል። አንዱን ጠባቂው ያዘ፣ አንዱን ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ አንዱን ፎቶ አንሺው። ኋላ ፎቶ አንሺው ወደ ሌላ ከተማ ሄደና ቁልፉ ሰው አጣ። ያኔ ጠባቂያችን ተነስቶ ምን አለ መሰለሽ? «የአዳራሹ ሰው ያልሆነ፣ ከማንም ጋር የማይወግን፣ ጠረጴዛም ማሽንም የማይፈልግ ሰው እናስይዝ» አለ። እንዴት ያለ ሚዛናዊ ሐሳብ ነው! እኔ ራሴ አጨበጨብኩ፤ እጄ እስኪቀላ። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል ስንለው አንዲት ጨዋ ሴት አውቃለሁ አለ።

በጣም ያውቃታል ለካ።

ሰንሰለቱም ዓይኑን ሳያሽ ተቀበላት። ምን ያድርግ? እሱ የሚያየው ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰልፍ ነው። የዚህኛው ሰልፍ ከዚያኛው ይለያል፣ ስለዚህ ሁለት ሰው ናቸው ይላል። ማታ በአንድ ትራስ ላይ እንደሚያድሩ በምን ይወቅ? እኛም ብንሆን ደንቡን ስንጽፍ የሌባውን መንገድ ሁሉ፣ በበር የሚመጣውን፣ በመስኮት የሚመጣውን፣ በኮምፒውተር የሚመጣውን ስንዘጋ ስንዘጋ ከረምንና የመኝታ ቤቱን በር ረሳነው። «ባልና ሚስት አብረው ቁልፍ አይያዙ» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ይበቃ ነበር። አልጻፍናትም። አሁን እንጻፋት ብለን ድምፅ ሰጠን… ቀጥሎ የሆነውን አንቺው ገምቺ።

ውይ፣ ወጋሁሽ? ይቅርታ የኔ እናት። መርፌ እንደሆነ ሰው አይመርጥም።

ሴትየዋን እኔ አላውቃትም፤ መቼም ልብስ ልታሰፋ መጥታ ከሆነ እንጃ። ጨዋ ናት ይላሉ። ባሏ «ተጫኚ» ሲላት ትጫናለች። ልጆቿን እያበላችም ቢሆን፣ ወጥ እያማሰለችም ቢሆን፣ እንቅልፍ ይዟትም ቢሆን። ምን እንደሻረች አንብባ የምታውቅ አይመስለኝም። ታዲያ ይሄ ጥፋት ነው? መተማመን ነው እንጂ። ባሏን የማታምን ሴት ማንን ታምናለች? ብቻ እንዲህ በሞቀ ቁጥር፣ ላቤ ሰው ቀሚስ ላይ እንዳይንጠባጠብ ስጨነቅ፣ ይሄን መስኮት የዘጋችብኝ እሷም ናት እላለሁ። አልቀየማትም። አታውቅማ።

መላጊያው ቀጠለ። ጎበዝ። ትንሽ ፈጠን አላለም?

ጫማ ሰሪውን ታውቂዋለሽ አይደል? የልጅሽን የትምህርት ቤት ጫማ የሠራው። አንደኛው እግሩ ጠበበው ብለሽ ስትመልሺው ሁለቱንም አፍርሶ እንደገና የሠራልሽ። አዎ፣ እሱ። የቆዳ መቁረጫው እጁን እንደያዘው ሰምተሻል? አልሰማሽም? ባልሽ ሊያሳዝንሽ አልፈለገ ይሆናል። ሁለት ጣቱ ተሰፍቷል። ሐኪሙ በደንብ ሳይሽርልህ ወስፌ አትንካ ብሎታል። እዚህ ደግሞ ደንብ አለን፣ ወር ሙሉ ያልተሠራበት ጠረጴዛ ለሌላ ይሰጣል የሚል። እኛው ነን ያወጣነው፤ ቦታ ይዘው ለሚጠፉ ሰነፎች ብለን እንጂ ለእንደሱ ያለ ሰው አስበን አልነበረም። ያ ጠረጴዛ ከሄደ ለእሱ ሁሉ ነገር ሄደ ማለት ነው። ሌላ ሱቅ የለው፣ ደንበኛው ሁሉ የሚያውቀው እዚያ ነው። እጁ ቢድንስ ታዲያ ምን ላይ ሊያሳርፈው?

ስለዚህ እስኪድን ይጠበቅለት ብለን ድምፅ ሰጠን። ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉም እሺ አለ። ሦስተኛው ቀን ዛሬ ነው፤ አዳራሹ ሲዘጋ ያበቃል። ጠባቂያችን ግን ጠዋት የራሱን ቁልፍ ተጭኖ አደረ… ዋለ ልበል እንጂ። ሐሜት እንዳይመስልሽ፤ ሰንሰለቱ ምንም አይደብቅም፣ ሁላችንም በየስልካችን አይተነዋል። ኮምፒውተር ጠጋኙ ቢለምኑትም ቢቆጡትም አልጫንም ብሏል። የቀረችው ያቺ አንዲት ቁልፍ ናት።

ለምን ይሽራል ትይኝ ይሆናል። ደንብ ደንብ ነው ይላል፤ ልቤ ይደማል፣ እኔ ግን ምን ላድርግ ይላል። የሚደማ ልብ ያለው ሰው ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ የመስኮቱን፣ የአምፖሉን፣ የእኛን ሁሉ ደንብ ሲሽር እንዴት ደምቶ ይሆን? ደግሞ ለጠረጴዛው ማሰቡ። ከአሁኑ ጣውላዎቹን አምጥቶ እዚያው አስደግፏቸዋል። ባዶ ሆኖ እንዳይከፋው ነዋ። ጫማ ሰሪው ትናንት እጁን በፋሻ ጠቅልሎ መጣና አያቸው። አንዱ ጣውላ ሊንሸራተት ሲል በደህናው እጁ አስተካክሎ፣ እንዳይወድቅ ደግፎ ሄደ። እኔ መርፌ መክተት አቃተኝ፤ ዓይኔ አላይ አለኝ።

ቆይ ይሄ ጎን ጠማማ ሆነብኝ። ልፍታውና እንደገና ልያዘው። አትቸኩዪ፣ ምን አለብሽ?

አንድ ነገር ልንገርሽና ይብቃኝ። ያ ጠባቂ መጀመሪያ ወደዚህ ሲመጣ ጠረጴዛ አልነበረውም። ሁሉም ተይዞ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ተነስቶ «ና፣ ግማሹን ያዝ» አለው። አንድ ክረምት ሙሉ ጎን ለጎን ሠሩ፤ ይሄ ቆዳ ሲቆርጥ ያ እንጨት ሲልግ። ብናኙ ሙጫው ላይ እየወረደ ስንት ጫማ ተበላሸበት መሰለሽ። አንድ ቀን «እፍ በለው» እንኳ አላለውም። ጠባቂ ስንመርጥስ መጀመሪያ እጁን አውጥቶ «ከእሱ የተሻለ ታማኝ የለም» ያለው ማን ነበር? እሱው። ጫማ ሰሪው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል… የኛ ጠባቂ ደግሞ ሰው ነው፣ ውሻ አይደለም። ስለዚህ አይጮኽም።

አሁን ደግሞ መዶሻ ነው። ምን ያህል ሚስማር ነው የሚመታው በሞቴ? ቤት ሊሠራ ነው እንዴ?

ስልክሽ በራ። ደገመ። ባልሽ ነው? ከዚህ ጣውላ ወዲያ ሆኖ? «አንቺ» ብሎ ቢጣራ ይሰማሽ ነበር እኮ። ፍቅር እንዲህ ነው፣ ግድግዳ እንኳ ሲለየው ይናፍቃል። መልእክት ነው መሰል። «ተጫኚ» ይላል? እኔ አላነበብኩም፤ ፊደሉ ትልቅ ሆኖ ዓይኔ ውስጥ ገባ እንጂ። ምኑን እንደሚያስጭንሽ እንጃ። የባልና የሚስት ጉዳይ ነው፣ አያገባኝም።

ፊትሽ ተለዋወጠ። ሙቀቱ ነው። ልቀመጥ ትያለሽ? መርፌው ይወጋሻል፤ ትንሽ ታገሺ።

ይኸው ስልክሽ። እኔ አልያዝኩብሽም፤ ኋላ ልብስ ሰፊዋ እጄን ሰፋችው እንዳትዪ። ሁለቱም እጆችሽ ነፃ ናቸው። ያቺን ሴት አንድ ቀን ባገኛት ግን የምላት አለኝ። እህቴ፣ እላታለሁ፣ ባልሽን አክብሪ፣ እሺ በይው፣ የፈለገውን አብስዪለት። ግን ሁለተኛ ቁልፍ የተሠራው እሺ ለማለት አልነበረም። እሺ ለማለትማ አንዱ ይበቃ ነበር። አንቺን እዚያ ያስቀመጡሽ ሰዎች አያውቁሽም፤ ሆኖም አንድ ቀን እንቢ ልትዪላቸው እንደምትችዪ አምነው ነው ማታ ተኝተው የሚያድሩት። ይሄን ስላት ትቀየመኝ ይሆን? አንቺ ሴት ነሽ፣ ምን ይመስልሻል? … አትመልሺልኝ። ዝም ብለሽ አስቢበት።

እኔ እስከዚያ ጫፉን ልዘምዝመው።

…

መዶሻውም ቆመ። ጸጥ አለ አይደል? ሰዉ ዕቃውን እየሰበሰበ ነው። ፎቅ ላይ ያለችው ሹራብ ሠሪ ማሽኗን ዘጋች። ስልክሽ እንደገና በራ፤ ይብራ፣ ባትሪው የራስሽ ነው። አትፍሪ። እንቢ ማለት መጀመሪያ ላይ እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ይቆረቁራል፣ ኋላ ይለመዳል።

ሰማሽ? በሩ ነው። በላዩ ያለው ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ… ሰዓቱ አለቀ። የኔም ስልክ ነገረኝ፤ እይው፣ «ውሳኔው ተፈጽሟል» ይላል። የጫማ ሰሪው ጠረጴዛ እስኪድን ድረስ የራሱ ነው። ሁለተኛዋ ቁልፍ አልተጫነችም። ያቺ የማላውቃት ሴት እጇን ይባርከው፤ ምነው ባወቅኋትና ጉንጯን በሳምኳት። ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው? ደግሞ ትስቂያለሽ። ነይ፣ ዓይንሽን በዚህ ጨርቅ ጥረጊው፣ ንጹሕ ነው። እኔም እኮ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

አሁን ቀስ ብለሽ አውልቂው። ቅዳሜ መጥተሽ ትወስጂዋለሽ፤ እንደ ልክሽ አድርጌ እጠብቅሻለሁ።

ባልሽንም ሰላም በይልኝ። ሥራ ላይ ስለነበር አልረበሽነውም፤ ስለ እሱ አንዲት ቃል እንኳ ሳናነሳ መሸ። ለዚያ ለጠባቂያችን ግን ምርቃት አለብኝ፤ ይሄን ሁሉ አውርቼበት ሳልመርቀው ባድር ነውር ነው። ድምፄን ከፍ ባደርግ አትቀየሚኝ፣ ምርቃት ጮክ ሲሉበት ይደርሳል ይባላል። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጠው። ቤቱ ይሙላለት፣ ጣውላው አይጉደልበት፣ ልጆቹ ለወግ ለማዕረግ ይብቁለት። ሰው ነውና ደግሞ አንድ ቀን እጁ ቢዝል፣ ጉልበቱ ቢከዳው፣ «እስክድን ቦታዬን ጠብቁልኝ» ብሎ ሰው ፊት የሚቆምበት ቀን ቢመጣ… ፈጣሪ በዚያ ቀን ልክ እንደ ራሱ ያለ ጠባቂ ይዘዝለት።

አሜን በይ እንጂ፣ የኔ እናት።